የአሥራ አንድ ኮሚቴ ሴት አባል

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ኮሚቴ አለ፤ ቋሚ ሴት ሠራተኛ ግን ሁለት ብቻ። አንደኛዋ በወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ሁለተኛዋ አሥራ አንዱንም ታቅፋ ቀረች። መንግሥት ከብዙ አገሮች ጋር በአንድ ትልቅ አዳራሽ ተቀምጦ፣ «ከእንግዲህ ሴቶች የሌሉበት ውሳኔ አይኖርም» ብሎ ቃል ገብቶ ነበርና መመሪያው ወረደ፤ በማንኛውም ኮሚቴ ቢያንስ አንዲት ቋሚ ሴት ሠራተኛ ትኑር፣ የእሷ ፊርማ የሌለበት ቃለ ጉባኤ ውድቅ ነው ተባለ። ቃሉስ ጥሩ ነበር፤ ማን ይጠላል? ግን ሴት ከመቅጠር ያለችውን አንዷን ማሯሯጥ ይቀላል፤ እንደሱም ተደረገ።

የምትሯሯጠው ቀያሿ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት መሬት ስትለካ የኖረች፣ ሜትር ሳትዘረጋ በዓይኗ ብቻ የክፍል ስፋት የምትናገር ባለሙያ። አሁን መሣሪያዋ ከነሦስት እግሩ ቢሮዋ ጥግ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። ጠዋት ግዥ፣ ረፋዱ ላይ ዲሲፕሊን፣ ከሰዓት ደረጃ ዕድገት፣ ወደ ማታ የመኪና ስምሪት። በየቃለ ጉባኤው ግርጌ ሌላው ሰው ከነማዕረጉ ይጻፋል፤ የእሷ ቦታ ላይ «ሴት አባል» ይላል። ሾፌሮቹ «እትዬ ኮሚቴ» አሏትና ስሙ ጸደቀ። ሐሳብ ስትሰጥ ሰብሳቢው «ግሩም ነጥብ ነው!» ይልና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራል። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኼው ነው።

እውነት እንነጋገር ከተባለ ግን ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ገና ከአምና ጀምራ፣ ከስብሰባ ስብሰባ ስትሮጥ የቀረበላትን ወረቀት ሳታነብ መፈረም ለመደች። ሁለቴ ሳትለካ አንዴ የማትጽፍ ሴት! ጉዱ የመጣውም ከዚያ ነው።

ሌላዋ ሴት፣ ንድፍ ሠሪዋ፣ ፈቃዷ አልቆ ስትመለስ ልጇ ገና አራት ወሩ ነበር። ለጎረቤት ትታው ትመጣለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች ሄዳ አጥብታ፣ እየሮጠች ትመለሳለች። በመሃል ጡቷ ሲሞላ የድሮ ካርታዎች የሚቀመጡበት ክፍል ትገባና በሩን በወንበር ደግፋ በጠርሙስ ታልባለች። ቀያሿ አንድ ቀን ካርታ ልታወጣ በሩን ገፋ ስታደርግ፣ መደርደሪያ ለመደርደሪያ መሃል ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ጠርሙስ በአንድ እጇ እንባዋን ስትጠርግ አገኘቻት።

«ውይ! ይቅርታ፣ የኔ ልጅ!»

«ይግቡ እትዬ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው። ልጁ ጠርሙሱን እምቢ ብሏል። ትናንት ጤና ጣቢያ ስናስመዝነው ክብደቱ ቀንሷል። ነርሷ፣ ጡት ካላገኘ እንዲህ አይዘልቅም አለችኝ።» ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሥራ መልቀቂያ ነው፤ ቀኑ ብቻ አልተሞላም። «እስከ ዓርብ አየዋለሁ፤ ከዚያ እተወዋለሁ።»

«ከታች የሕፃናት ማቆያ የሚል ክፍል አይቻለሁ እኮ። ለምን አልጠየቅሽም?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ጠይቄ ነበር። ኃላፊው ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ። የሕፃናት ማቆያው ከአምና ጀምሮ ሥራ ላይ ነው ይላል። ከታች የእርስዎ ፊርማ አለበት።»

ቀያሿ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። ቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። በሩ ላይ ቢጫ ዳክዬ የተሣለበት፣ «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ሰሌዳ አለ፤ አምና ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ የተለጠፈ ነው። በመስኮቱ ብታጮልቅ አሮጌ ጎማ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የደረቀ የቀለም ቆርቆሮ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሰማይ ያለችው ላም ግን በእሷ ፊርማ ነው ሣር የበላችው።

እዚያው በሩ ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የራሷ ልጅ ትዝ አለቻት። ሁለት ወሯ ላይ ለጎረቤት ትታት መስክ ወጥታ ነበር፤ ያኔ ሌላ ምን ምርጫ ነበር? ልጅቷ «እማዬ» ማለት ስትጀምር ያለችው ጎረቤቲቱን ነው። እናትዮው ከመስክ ስትመለስ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ፣ አልቅሳ የጎረቤቲቱ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ልጅቷ ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰላምታዋም ደህና ነው። እናት ግን ያቺን ዕለት እስካሁን ሆዷ ውስጥ ይዛታለች፣ ለማንም ነግራት አታውቅም።

በማግሥቱ የዘንድሮው ሪፖርት ቃለ ጉባኤ ቀረበላት። ኃላፊውና እሷ በአንድ ወር የተቀጠሩ ናቸው፤ እሱ ግን «አንቺ» ይላታል፣ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች። ሹመት እንዲህ ነው።

«ፈርሚልኝማ፣ ሐሙስ ወደ ላይ መላክ አለበት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። አራተኛው ገጽ ላይ ያችው ዓረፍተ ነገር ተቀምጣለች፤ ሥራ የጀመረበት ቀን እንኳን ሳይቀር የአምናው።

«ክፍሉ ይከፈትና እፈርማለሁ» አለች።

«እሱ ይደርሳል! አንቺ ደግሞ፣ ወረቀት እኮ ነው።»

«ወረቀት ከሆነ ያለ እኔ ይሂድ።»

ይኼን ብቻ ብላ ብትተው ጥሩ። እሷ ግን የዚያን ዕለት ስብሰባ አልቀመጥም ብላ አሥራ አንዱንም አቆመች። መኪና ግዥው ቆመ፤ የውሎ አበሉ ቆመ፤ የደረጃ ዕድገቱ፣ የራሷም ስም ያለበት፣ እሱም ቆመ። «እትዬ ኮሚቴ፣ ምን ነካሽ? እኛ ምን በደልን?» አሉ ሾፌሮቹ። «ምንም» አለች፤ «ዳክዬዋን ጠይቋት።» መሣሪያዋን አቧራውን ስትጠርግ ዋለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብላ ሃያ ስብሰባ የተቀመጠች ሴት፣ አለመቀመጥ ይኼን ያህል ጉልበት እንዳለው ማን ነገራት?

ኃላፊው ግን ዋዛ አይደለም። መመሪያውን ገልጦ አነበበ፤ «ቋሚ ሴት ሠራተኛ» ይላል እንጂ «ቀያሽ» አይልም። ሐሙስ ጠዋት ንድፍ ሠሪዋን ጠራት። በቀያሿ ፋንታ ሴት አባል ሆነሽ ተሹመሻል፣ ስብሰባው በምሳ ሰዓት ነው፣ ደግሞ ለደረጃ ዕድገትሽም ይረዳሻል አላት።

ወሬው ቀያሿ ጋ ሲደርስ መሣሪያዋን የምትጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠች። ልትፈርድባት አልቻለችም። የአራት ወር ልጅ ያላት ሴት አለቃዋን እምቢ ትበል? እሷ ራሷ ያለ ምንም ጭንቅ ስትፈርም አልነበር? ቢሆንም ስብሰባው ክፍል በር አጠገብ ሄዳ ቆመች። ማየት ፈለገች።

ንድፍ ሠሪዋ ልጇን አዝላ ገባች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ኃላፊው።

«የማጠባበት ሰዓት ላይ ነው የጠራችሁኝ። ጎረቤቴ በር ድረስ አመጣችልኝ» አለችና ልጁን አውርዳ ታቀፈችው። ቃለ ጉባኤውን ተቀበለች፤ ቆማ፣ ልጁን እየወዘወዘች፣ ጮክ ብላ አነበበች። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ። «ማቆያው ሥራ ላይ ነው ይላል! ጎሽ። እንግዲያው ልጄን እዚያ አስተኝቼው መጥቼ ልፈርም። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ሁሉም የንብረት ክፍሉን ሰውዬ አየ፤ ሰውዬው ጠረጴዛውን አየ።

«ልጄ፣ እሱ... አሁን ቁልፉ...» አለ ኃላፊው።

«ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አለችና ተቀመጠች። ልጁ ርቦት ኖሮ አንዴ ጮኸ። እሷም ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ አሥር ወንዶች ፊት፣ ማጥባት ጀመረች። ጣሪያውን የሚያይ፣ ስልኩን የሚነካካ፣ ያልጠፋ እስክሪብቶ የሚፈልግ። በር ላይ የቆመችው ቀያሿ አፏን በእጇ ይዛ ሳቋንም እንባዋንም አንድ ላይ ዋጠች። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሪፖርቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መላክ አለበት።

«ኧረ በሕግ አምላክ፣ ክፈቱላት!» አለ በመጨረሻ ከሾፌሮቹ ተወክሎ የሚሰበሰበው ሰውዬ። «እኔ ጎማውን አወጣለሁ።»

ተነሡ። ኮታቸውን አወለቁ። የግዥ ሰብሳቢው የተሰበረ ወንበር ተሸክሞ ሲወጣ ያየ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያወራዋል። ጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን አጠበች፤ ከእንግዳ መቀበያው አንድ ሶፋ ወረደ። ቀያሿ ሜትሯን አውጥታ ክፍሉን ለካች፤ ሪፖርቱ ሃያ አራት ካሬ ይላል፣ ክፍሉ አሥራ አንድ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ንድፍ ሠሪዋ የተኛውን ልጅ ሶፋው ላይ አስተኛች፤ ግቢ በር ላይ ስትጠብቅ የቆየችው ጎረቤቷም አጠገቡ ተቀመጠች። ሁሉም ወደ ስብሰባው ተመለሱ። ንድፍ ሠሪዋ እስክሪብቶውን አልነካችውም፤ በሩ ላይ ለቆመችው ለቀያሿ ዘረጋችላት።

«እትዬ፣ እርስዎ ይፈርሙ። አሁን እውነት ነው።»

ቀያሿ ተቀመጠች። አራቱንም ገጽ አንድ በአንድ አነበበች፤ አሥር ወንድ ቆሞ ጠበቃት። ሃያ አራቱን ሰርዛ አሥራ አንድ ጻፈች። ሥራ የጀመረበት ቀን የሚለውን ሰርዛ የዛሬውን ቀን ጻፈች። ሥሩም «አምና የፈረምኩት ሐሰት ነበር» ብላ አከለችበት።

«ምነው እህቴ!» አለ ኃላፊው። «አንድ ዓመት ዘገያችሁ ይሉናል። የአንቺስ ዕድገት?»

«አንድ ዓመት?» አለች ቀና ብላ። «እኔ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ነው የዘገየው።»

«ሴት አባል» የሚለውንም ሰረዘችና «ቀያሽ» ብላ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

ያኔ ከታች ልጁ አለቀሰ። ንድፍ ሠሪዋ ብድግ አለች፤ አሥራ ሁለት ደረጃ ወረደች፤ ለቅሶውም ቆመ።