ስሙን የዋሸው ማጉሊያ

አንድን ነገር አስመስሎ መሥራት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው አስመስሎ የተሠራውን በእውነተኛው ስም ጠርቶ ለሚያምን ሰው ማስረከብ ላይ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከሚያገኘው ጥቅም የሚያጣው እንደሚበልጥ በዝሬንያኒን ከተማ በጠጋኙ ጎይኮ ላይ የደረሰው ያስረዳል።

ጊታር ተጫዋቹ ቲሆሚር የድምፅ ማጉሊያውን ማብሪያ ተጭኖ የራኪያ አረቄ ብርጭቆውን አነሣ። በወንዙ ዳር ባለው ምግብ ቤት የእሑድ ምሳ ጭፈራ ሊጀመር ነበር፤ አረጋውያኑ ጥንዶች የዓሣ ሾርባቸውን ጨርሰው ወንበራቸውን ወደ ኋላ እየገፉ ነው። የጊታሩ ማጉሊያ እንደ አምፑል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች በውስጡ ያሉት አሮጌ ዕቃ በመሆኑ ሳይሞቅ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ቲሆሚር ባበራው ቁጥር አንዲት ብርጭቆ ራኪያ ቆሞ ይጠጣል፤ እርሷ ስታልቅ ማጉሊያው ይነቃል። በዚያ ቀን ግን ብርጭቆው ከንፈሩ ሳይደርስ እጅጌው የጊታሩን ክር ነካና ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

"ምን ሆንክ?" አለች አኮርዲዮን ተጫዋቿ ዱሻንካ። "ሙት ያየህ መሰልክ።"

"ሳይሞቅ ጮኸ።"

"ጎይኮ ጠግኖልህ የለ? አሻሽሎት ይሆናላ። በዚህ ባንድ ለመሞቅ ጊዜ የሚፈጀው እንግዲህ አንተ ብቻ ቀረህ።"

ጎይኮ ጠጋኝ ብቻ ሳይሆን አበልጅም ነው፤ በአገራቸው ወግ አበልጅነት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። አባቱ ቲሆሚርን፣ እርሱ ደግሞ የቲሆሚርን ሴት ልጅ ክርስትና አንሥተዋል፤ በሚቀጥለው ወር የምትጠመቀውን የልጅ ልጅ የሚያነሣትም እርሱ ነበር። ማጉሊያው ማጉረምረም ባበዛ ጊዜ ቲሆሚር ሌላ ጠጋኝ ማሰቡን እንኳ እንደ ስድብ ይቆጥረው ነበር። ዕቃውን የሰጠው የባንዱ የቀድሞ መሪ ላዛር ነው፤ በታመመበት አልጋ ላይ ሆኖ፣ "ተጫወትበት እንጂ አታስቀምጠው" ብሎ።

የቫልሱ የጭፈራ ዜማ ተጀመረ። ድምፁ የሚያውቀው ድምፅ ነበር፤ ጆሮው ምንም ስሕተት አላገኘበትም። እጁ ግን አልተቀበለውም። አሮጌው ማጉሊያ ክሩን ጠበቅ አድርጎ ሲመታው ለአፍታ ሰብሰብ ብሎ ቀስ በቀስ ይዘረጋል፤ ለስለስ ሲያደርገው ይጠራል። ሲጨብጡት መልሶ የሚጨብጥ እጅ ነው። ይኸኛውም መልስ ነበረው፤ ነገር ግን ጓንት ያጠለቀ ሰው ሰላምታ ነበር።

በዕረፍቱ የጀርባውን ክዳን ፈታው። ውስጡ ለክብደት የተቀመጠ የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ፣ ቱቦ እንዲመስሉ የተተከሉ ሁለት ቀይ መብራቶች፣ የጸሎት መጽሐፍ የምታህል አንዲት ዲጂታል ሣጥን ነበሩ። የማንኛውንም ማጉሊያ ድምፅ ቀድታ የምትመልሰው ዓይነት ናት። ጎይኮ የአሮጌውን ድምፅ ቀድቶባታል።

ዱሻንካ ድንጋዩን አንሥታ በእጇ መዘነችው። "አሁን ሄጄ ጢሙን ነው የምነጭለት" አለች።

"ሰዎቹ ሊጨፍሩ ነው የመጡት። እንጨርስ።"

"በዚህ? በድንጋይ?"

"ድንጋዩ አይጫወትም። ሣጥኗ ምን አጠፋች?"

የቀረውን በሣጥኗ ተጫወተ። ምን እንደሆነች ካወቀ በኋላ እጁ የማትሰጠውን መጠበቅ ተወ፤ የምትሰጠው ደግሞ ጥቂት አልነበረም። አልተንተባተበችም፣ አላጉረመረመችም፤ ጥንዶቹም እስከ መጨረሻው ዙር አልተቀመጡም። ቲሆሚር ከልቡ አመሰገናት።

በማግሥቱ ጠዋት ጎይኮ የሱቁን በር ከፍቶ፣ "ና አበልጄ፣ ቡና ላፍላልህ" አለው።

"ቡናው ይቆየን። የላዛር ማጉሊያ የት ነው?"

ጎይኮ መካድ ጀምሮ የአበልጁን ፊት ሲያይ ተወው። "ኖቪ ሳድ ከተማ ላለች የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሸጥኩት። ቲሆ፣ እውነቱን እንነጋገር፤ ትናንት ማን ለየው? ሰው ሁሉ ጨፍሯል አሉ።"

"ጨፍሯል። ሣጥንህ ጥሩ ናት፤ ለእርሷ አመሰግንሃለሁ።"

"እንግዲያ ምን ጎደለብህ?"

"ወገብህ አልቋል፣ ይህችን ያዝ ብለህ ብትሰጠኝ ኖሮ እጅህን ስሜ እወስድ ነበር። አንተ ግን ድንጋይ ጨምረህ አሸከምከኝ። ደረጃውን ሳወጣው፣ ይኼ የላዛር ክብደት ነው እያልኩ ነበር እኮ።"

ጎይኮ ወደ መሬት አየ። "ለልጅቷ ጥምቀት ስንል... ነገሩን እንሸፍነው።"

"ለልጅቷ ጥምቀት ስል አልሸፍነውም" አለ ቲሆሚር።

ሰብሳቢዋ ቬስና ነገሩን ከቲሆሚር በሰማች ዕለት ማጉሊያውን በራሷ መኪና ጭና አመጣችው። "ሲሸጥልኝ ባለቤቱ ሞቷል ነው ያለኝ" አለች፤ ለፖሊስ ያመለከተችውም እርሷ ናት። ቲሆሚር አብርቶ ቱቦዎቹ እስኪግሉ ጠበቀና ክሩን ጠበቅ አድርጎ መታው። ማጉሊያው ሰብሰብ ብሎ ተዘረጋ። ዐይኑን ጨፍኖ ላዛርን አመሰገነ፤ ቀጥሎም ከመሄዷ በፊት አንድ ቫልስ ትሰማ ዘንድ ቬስናን አስቀመጣት።

ትንሿን ሣጥን የምትመስል ሌላ ሣጥን ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ገዛ። ደረጃ በሚበዛባቸው አዳራሾች ከአጠገቡ ወንበር ላይ በግልጽ ያስቀምጣታል፤ ለጠየቀው ሁሉ ምን እንደሆነች ይናገራል።

ጥምቀቱ ሲቃረብ ቲሆሚር ከሴት ልጁ ጋር ተማከረና አብረው ዱሻንካ ቤት ሄዱ። "የልጅ ልጄን ክርስትና አንሺልኝ" አላት።

"እኔ? ይኼ እኮ የጎይኮ ቤት ወግ ነው።"

"ነበር።"

ዱሻንካ ልማዷን ትታ፣ ሳትቀልድ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

ፍርድ ቤቱ ጎይኮን በማጭበርበር ጥፋተኛ ብሎ በአንድ ዓመት እስራት ቀጣው። ሱቁ ተዘጋ። ሕፃኗ በተጠመቀች ዕለት ከጎይኮ ቤት የተጠራ ሰው አልነበረም፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው አበልጅነትም በዚያው አበቃ።