‹ብኝ› የተከለከለበት ቤት

የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩ በሕይወቱ አንድም ነገር ሰብሮ አያውቅም። ብርጭቆ ተሰብሮበታል፣ ቁልፍ ጠፍቶበታል፣ ወተት ገንፍሎበታል፣ ሸሚዝ በካውያ ተቃጥሎበታል፤ እሱ ግን ምንም አላደረገም። ዕቃ ሁሉ ተማክሮ የተነሳበት ምስኪን ነው። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ያለው የመብራት ምሰሶ እንኳ፣ እሱ ከመቀጠሩ በፊት ጀምሮ ንቅንቅ ሳይል የኖረው ምሰሶ፣ አንድ ጠዋት «መጣብኝ» ተብሎ ተከሷል። ምሰሶው መልስ ስላልሰጠ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ሚስቱ የቋንቋ መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቿን «የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?» እያለች ስታፋጥጥ ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ባለቤቷ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ይዞ ይጠብቃታል። «ሻዩ ፈሰሰብኝ» ይላል። ሻዩ በገዛ ፈቃዱ ከብርጭቆው ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ለዓመታት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ምንጣፉን ጠረገች።

ነገሩ የፈነዳው ዓይኗን የታከመች ቀን ነው። ሐኪሙ ጠብታ ስለሚያደርግላት በደንብ አታይም፤ ስለዚህ ባሏ ከሥራ ሲወጣ ከክሊኒኩ በር ሊወስዳት ተቀጣጠሩ። ዘበኛው በሩን ቆልፎ እስኪሄድ ጠበቀችው። ዝናብ ጣለ፣ ጠበቀችው። በመጨረሻ አንዲት የማታውቃት ሴት እጇን ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባቻት። እሱ ቤት ሲደርስ እሷ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«መሸብኝ» አለ።

«መሸብኝ? ከተማው በሙሉ ሲመሽ አንተ ላይ ብቻ ነው የመሸው? እኔ የቆምኩበት ፀሐይ ነበር?»

«ምን ላድርግ፣ ስልኬም ባትሪው አለቀብኝ።»

«ዝናቡስ?»

«እሱማ ጣለብኝ» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሸሚዙ ደረቅ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሕግ ወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ‹ብኝ› አይነገርም» አለች። «ተሰበረብኝ የለም፣ ጠፋብኝ የለም። የሰበርከውን ሰበርኩ ትላለህ። ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሁኚ ብሎኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እሰጣለሁ። ከማን ጋር እንደምኖር እስከዚያ ልወቅ።»

ሾፌሩ የያዘውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠ። እሷ የሌለችበትን ቤት አስቦት አያውቅም። የሚያስበው ነገር ብዙ ስላልሆነ ይሄኛው ቦታ አያጣም ነበር፤ ግን አስቦት አያውቅም። ሕጉን ተቀበለ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብሎ አለፋቸው። ‹ብኝ› ሲወሰድበት ለካ ብዙ የሚያወራው አልነበረውም። ከዚያ ብርጭቆ ወደቀ።

«ብርጭቆው ተሰበረ» አለ ከወጥ ቤት፣ በጥንቃቄ።

«ብቻውን?»

ስባሪውን አየ፣ እጁን አየ። «ሰበርኩት» አለ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፤ አልተደረመሰም። ሚስቱ መጥረጊያውን አቀበለችውና ግንባሩን ሳመችው። ሰውየው እንዲህ መሳም የሚያመጣ ቃል በአፉ ይዞ ይሄን ሁሉ ዘመን መቆየቱ ገረመው።

እንግዲህ ጉድ የፈላው ሥራ ቦታ ነው። አውቶቡሱን ወደኋላ ሲያስገባ የግቢውን በር ገጨ። እንደ ድሮው ቢሆን በሩ ይመጣበት ነበር። አሁን ግን ስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገብቶ «በሩን ገጨሁት» አለ።

ኃላፊው ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«ገጨሁት። ኋላዬን ሳላይ።»

«አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

ኃላፊው ተነስቶ የቢሮውን በር ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ ወንድሜ፣ እዚህ መሥሪያ ቤት ‹ተገጨ› ነው የሚባለው። እኔ ራሴ ስንት ነገር ተገጭቶብኝ ነው እዚህ ወንበር ላይ የደረስኩት። አንተ ዛሬ ‹ገጨሁ› ካልክ፣ ነገ እኛንም ‹እናንተስ?› ሊሉን አይደል?» እስኪሻለው ድረስ ዕረፍት ሰጠው። ጓደኞቹም ካርታ ሲጫወቱ በሽታው የሚጋባባቸው ይመስል ከእሱ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ።

እሱ ግን ልቡ አብጧል። አዲስ ጫማ እንደገዛ ሰው አዲሱን አነጋገሩን በየቦታው ያሳይ ጀመር። የሚስቱ እናት ስልክ ደውለው «ጉንፋኑ ባሰብኝ ልጄ» ሲሉት፣ «እማማ፣ ጉንፋኑ ምን አደረገ? ሳይለብሱ የወጡት እርስዎ ነዎት» አላቸው።  አሮጊቷ «ስልኩን ለልጄ ስጣት» አሉና፣ «ይሄን ሰውዬ ምን አደረግሽው?» ብለው ጠየቋት። ሚስቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማት ቆይቷል።

ቤቱ ውስጥ ሙቀት ገባ። ስለ ሌላው ከተማ ማውራት ትታለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ አብረው እያሰጡ፣ «እንቢ ልላቸው ነው መሰለኝ» አለችው። ሾፌሩ በደስታ የሚያደርገው ጠፋው። ስጦታ ሊሰጣት ፈለገ። አበባ ቢገዛ ኖሮ ይሄን ታሪክ የሚያወራው ሰው ባልተገኘ። እሱ ግን አንድ አሮጌ ዓረፍተ ነገሩን አርሞ ሊሰጣት ወሰነ።

«ያን የክሊኒኩን ቀን» አለ፣ «መሽቶ አይደለም የቀረሁት። ስልኬም አልተዘጋም። ካርታ እየተጫወትኩ ነበር። ደግሞ አልረሳሁሽም። ሰዓቱን አየሁትና ‹ትጠብቅ› አልኩ።»

የተናገረው ሁሉ ባለቤት ነበረው። ግስ በግስ ሲታይ እንከን የለውም። ሙገሳውን እየጠበቀ የልብስ መቆንጠጫ አቀበላት። እሷ አልተቀበለችውም። የረጠበውን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ‹መሸብኝ› ውሸት መሆኑን ድሮም ታውቅ ነበር፤ ሸሚዙ ደረቅ እንደነበር በዚያ በፈዘዘ ዓይኗም አይታለች። ግን ከውሸቱ ጀርባ ያለውን አላየችም ነበር። ያ ሰነፍ ቃል እሱን ብቻ ሳይሆን እሷንም ሸፍኖ ኖሯል። አሁን መጋረጃው ተነሳ፤ ያስነሳችው ራሷ ናት።

«ጎበዝ» አለች ቀስ ብላ። ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ እሺ አለች።

ከዚያ በኋላ አልተጣሉም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር። እሱ ላይ ታች እያለ ሻንጣዋን አሰረላት፣ መጻሕፍቷን በካርቶን አደረገላት፣ ራሱን ወቀሰ። መውቀስ ሠልጥኗል። የምትሄድበት ቀን ታክሲው በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። እሷ ኮቷን ለብሳ ሳሎኑ መሃል ቆመች።

«እንግዲህ ሄድኩ» አለች።

«ሄድሽ» አለ። ሌላ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ምላሱን ነከሰ። ወር ሙሉ የለፋበትን በመጨረሻዋ ደቂቃ ሊያበላሽ? «እኔ ነኝ ያስኬድኩሽ» ሲል ጨመረ፣ ንጹሕ አድርጎ።

«ልክ ነው» አለች። አልተንቀሳቀሰችም። «ሌላ የምትለው የለም?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። እኔ ስሄድ ታዲያ አንተ ላይ ምንም አይደርስም?»

ሾፌሩ ግራ ገባው። ይደርሳል። ካሁኑ እየደረሰ ነው፤ ቤቱ ሰፍቶበታል። የደረሰበትን የሚናገርበት ቃል ግን በዚህ ቤት ሕገ ወጥ ነው። «ሕጉን እያከበርኩ ነው» አላት።

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ሕጉን እኮ ያወጣሁት ለብርጭቆ ነበር።»

ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። እሱ ነገሩ እስኪገባው ድረስ ባለበት ቆመ፤ ሁልጊዜም ትንሽ ይቆያል። ሲገባው በባዶ እግሩ ደረጃውን ሮጦ ወረደ። «ሄድሽብኝ!» ሊል አፉን ከፍቶ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ታክሲው በመታጠፊያው ዞሯል።

ልማድ ሆኖብኝ ‹ታክሲው ሄደበት› ልል ነበር። ታክሲው አልሄደበትም፤ እሱ ነው የዘገየው። እሷ ግን ሄደችበት።