የጠበቀው ብሎን

ሰውዬው የውሃ ፓምፑን ብሎኖች አንድ በአንድ ከነጭ ጋዙ እያወጣ በጨርቅ ያደርቃል። የጠረገውን መልሶ ይጠርጋል። እጁ ሥራ ካጣ እግሩ ይነሳል፤ እግሩ ከተነሳ ደግሞ ምራቱና ጨቅላው እስካሉበት ክፍል በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቶ አይቶታል።

"ከምሳ በፊት ወንድሜ መጥቶ ይወስደናል፣ አባባ" ብላዋለች ጠዋት፣ ቀና ብላ ሳታየው። "ተቀይሜ አይደለም። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ልጁ ይባንናል። እናቴ ቤት ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው።"

አጥፍቶ መቀመጥም አልሆነለትም። ከትናንት ጀምሮ ውሃ ያላገኘው የጓሮው ቲማቲም ቅጠሉን ጥሏል።

ሚስቱ በጓሮው በር ብቅ አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ባለሙያ ይጠራ አላልኩህም?"

"ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬ፣ ድመት ለምታህል ሞተር ባለሙያ ልጥራ?"

"እሱስ መኪናህ መች ዝም ይል ነበር? መምጣትህን እኔ ከማወቄ በፊት ሰፈሩ ያውቀው የለ!"

ወደ ፓምፑ ዞረ። የሞተሩን ኩሽኔታ ፈቶ ግራሶ ቀብቶታል፤ በጣቱ ሲያሽከረክረው ድምፅ የለውም። ታዲያ ምኑ ነው የሚጮኸው? መንገድ ላይ የተማረው አንድ ነገር ነው፦ የሚንኳኳ ሁሉ የላላ ነው። ባለፈው ሳምንት ፓምፑ ትንሽ ሲንኳኳበት፣ ከብረት እግሮቹ ሥር ያገኘውን ያረጀ ላስቲክ አውጥቶ ጣለና ብረቱን ከሲሚንቶው ጋር ጥርሱን ነክሶ አሰረው። ጩኸቱ ሲብስ ይበልጥ አጠበቀው።

አሁንም ገጣጥሞ አጠበቀ። ማብሪያውን ተጫነ።

ፓምፑ አጓራ። ከውስጥ ልጁ አለቀሰ። ሰውዬው ደንግጦ ሊነሳ ሲል ወገቡ ያዘውና ግድግዳውን ተደገፈ። ግድግዳው ኮረኮንች ላይ እንዳለ መሪ መዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠ።

እጁን አላነሳም። ከግድግዳው ወዲያ የልጁ አልጋ ነው።

ፓምፑን አጠፋው። ዕቃ ቤት ገብቶ፣ ከመጨረሻው መኪናው ያስቀረውን የጎማ ከመነዳሪ ከሚስማሩ ላይ አወረደና በመቀስ ይቆርጠው ጀመር።

"እንዴ! ማንም እንዳይነካብኝ ያልከውን?" አለች ሚስቱ።

"እኔ ማንም ነኝ?"

የጎማውን ቁራጮች ደራርቦ በአራቱም እግሮች ሥር አስገባ። ብሎኖቹን ሲያስር ጎማው ትንሽ እንደተጨመቀ ማጥበቁን አቆመ። ግማሽ ዙር ለመጨመር እጁን በላው። መፍቻውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረና ተወው።

ማብሪያውን ተጫነ። በሩ ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። የውሃ ማጠጫው ቱቦ ተወጥሮ ቲማቲሙ መሃል ተላወሰ። ሰውዬው መዳፉን ግድግዳው ላይ እንዳደረገ ቆየ።

ምራቱ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። "ወንድሜ ደረሰ። ልጁ ደግሞ አሁን ገና ተኛልኝ... አባባ፣ ፓምፑን አያስነሱትም እንዴ?"

"ተነስቷል።"

ወደ ፓምፑ አየች። ከዚያ ወደ ውሃው። ጫማዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠለቀችው።

"ገብቶ ምሳ ይብላ በይው" አለች ሚስቱ። "የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም።"

"እሺ፣ ልንገረው" አለች ምራቱ፣ ወደ ውጭው በር እየሄደች። "ጡሩምባውንም ይተው።"

ሰውዬው መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። ክዳኑን እንዳይጮኽ በዝግታ ገጠመና ሳጥኑን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው።