ያላለከለከችው ልጅ

«እዩዋት እስቲ! ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም!»

ጋሽ ባዩ የብሩክታዊትን ክንድ ሽቅብ አንሥተው ጮኹ። የኦክላንዱ መናፈሻ በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላዋ የገቡት ልጆች ሣሩ ላይ ተዘርረው ያለከልካሉ፤ እሷ ግን አፏን ገጥማ፣ ከሶፋ ላይ አሁን እንደተነሣች ሁሉ ጸጥ ብላ ቆማለች።

ወይንሸት ለኢትዮጵያውያን ማኅበሩ ሰው ወጥ ከምታወጣበት ጠረጴዛ የልጇን ከንፈር አየች። ወደ ሰማያዊነት ጠቁሯል።

«ሩጫ በደሟ ነው!» አሉ ጋሽ ባዩ፤ በጉብዝናቸው ዘመን ለክለብ የሮጡ ሰው ናቸው። «አሁን ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር እንሞክራት!»

ደሟ! ወይንሸት ጥርሷን ነከሰች። ደሟ ውስጥ የታመቀውን የተቃጠለ አየር ማን አየላት? የሌላው ልጅ አንጎል ይህን አየር እየለካ፣ ሲበዛ ሳንባን «ፍጠን» ይላል፤ በእንቅልፍም አይዘነጋም። የብሩክታዊት አንጎል ግን ስትፈጠር ጀምሮ ይህን ማዘዝ አያውቅም። ስትተኛ የሚተነፍስላት ማሽን ነው። ስትሮጥ ደግሞ አየር እያጠራት ማጠሩ አይሰማትም፤ ሳታለከልክ ክልትው ልትል ትችላለች። ሐኪሟ ይህን ደጋግማ አስጠንቅቃቸዋለች።

ለሰው ግን ትንፍሽ አልተባለም። ባሏ አክሊሉ «ልጄን በሽተኛ እንዲሏት አልፈልግም» እያለ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ይሸሽጋል። እሷም እሺ ብላ ኖራለች፤ ይኼ ደግሞ የባሰ ያንገበግባታል። ዛሬም «አደራ፣ እንዳትሮጥ» ብላው ነበር። ይኸው፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ቪዲዮ ይቀርጻል። ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

ጋሽ ባዩ እጃቸውን አነሡ። «ተዘጋጁ…»

ወይንሸት ጭልፋውን ጥላ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ልጄን ይልቀቁልኝ!»

«ምነው ወይንሸት፣ ምን ነካሽ? በደስታዋ ቀን?»

«የምን ደስታ? ልትሞትብኝ እኮ ነው! አለማለክለኳ በሽታዋ ነው! ስትተኛ በማሽን ነው የምትተነፍሰው፣ በማሽን!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። አክሊሉ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ተጠጋት። «ወይንዬ፣ ሰው ፊት እኮ ነው… ፕሊስ።»

«ሰውህ ገደል ይግባ!»

ልጇን ሣሩ ላይ አስቀመጠቻት፤ የኦክስጅን መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጣቷ ላይ ሰካችላት። ቁጥሩ ወርዷል። ተንበርክካ ዓይኗን ቁጥሩ ላይ ተከለች። ሩጫው ይሁን ንዴቱ፣ የራሷ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ አጥሯታል።

ብሩክታዊት የእናቷን ደረት በመገረም አየችው። ከዚያ ትንሽ እጇን አኖረችበት።

«ማሚ፣ ሾው ሚ» አለች። አሳዪኝ ማለቷ ነው።

አክሊሉ በወዲያኛው ጎን ተንበረከከ።

«በይ ከእኔ ጋር» አለች ወይንሸት፤ ንዴቷ ገና አልበረደም። «ወደ ውስጥ ሳቢ። አስወጪ። ቶሎ ቶሎ፣ ሳቢ፣ አስወጪ! ሰው ይይሽ፤ አለክልኪ!»