ድሪል የተደገነበት መሶብ

እኔን ያንጨረጨረኝ ሀጂ መሶቡን ሊበሱት መነሳታቸው ብቻ አይደለም፤ እውነት ስነግራቸው መሳቃቸው ነው!

ሀጂ አብዱልሀፊዝ ሜይፌር በሚባለው ሰፈራችን አሮጌ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ። እኔ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ፣ አወራለሁ። ከአንድ ሟች ቤት ከመጣው ኮተት መሀል ቀይ ባለ ክዳን መሶብ ወጣ። ክዳኑ ደረብ ደረብ እያለ ወደ ላይ ይሾላል፤ የወርቅ ቅቡ እዚህም እዚያም ተልጧል። ውስጡን ብዳብሰው ለካ በቀለም የተደፈነ የቀርከሃ ስፌት ነው።

«የመስጊድ ሚናራ ይመስላል» አሉ ሀጂ። «ጫፉን በስቼ አምፖል እከትበታለሁ። ለልጄ ለሀይፋ ሰርግ መብራት ይሆናል።»

ድሪሉን ሊያመጡ ጓዳ ሲገቡ፣ የሰፈሩ ሐኪም ዶክተር ኪን ከበር ላይ አይተውት ክው አሉ። የቡርማ ሴት ናቸው።

«እናቴ በእንዲህ ያለው ነበር ለመነኮሳት ምግብ ወደ ቤተ መቅደስ የምትወስደው» አሉኝ። «እዚህ ላለው ቤተ መቅደሳችን ልውሰደው። ከተበሳ ግን መባ አላቀርብበትም። ለምንልኝ!»

ሮጬ ገባሁ። «ሀጂ፣ እንዳይበሱት! የቤተ መቅደስ ዕቃ ነው፤ ለመነኮሳት ምግብ የሚቀርብበት! ዶክተር ኪን ይፈልጉታል!»

«አንተ ማናሴ፣ ባለፈው ሳምንት ኮዝሞ ሲቲ ታክሲ የሚነዳ ሰጎን አየሁ አላልክም?»

«እሱ ሌላ ነው!»

«መንጃ ፈቃድ ነበረው?»

ገበያተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሚስታቸው ሳፊያ እንደ አገሬው «ሃይቦ! ጉድ እኮ ነው!» እያለች እንባዋን ጠረገች። ደሜ ፈላ። በዕድሜዬ እውነት የተናገርኩት ሁለቴ ቢሆን ነው፤ አንዷን እንዲህ ያዋርዷታል?

ሀጂ ድሪሉን ይዘው ወጥተው መሶቡ ላይ ደገኑት፤ ድሪሉ ጮኸ።

«እሺ ይብሱት» አልኩ። «ጺምዎን ግን ይሸፍኑ። ቀለሙ የመርዛም ዛፍ ወተት ነው። ሟቹ እንዲህ ያለ አንዱን በስቶ በማግስቱ ጺሙ ረግፎ አገጩ እንቁላል መሰለ። ሚስቱ ሳታውቀው ቀርታ ሌባ ገባ ብላ ፖሊስ ጠራች።»

ድሪሉ ዝም አለ። ሀጂ በሂና የቀላውን ጺማቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

«ፖሊስ?»

«በሁለት መኪና!»

ሳፊያ ሳቋ ጠፋ። «በልጅህ ሰርግ ያለ ጺም ልትቆም ነው? ዶክተሯ ከፈለጉት ይውሰዱልን!»

ዶክተር ኪን መሶቡን እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ። እኔ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም። ተመልሼ ገባሁ።

«ሀጂ፣ የጺሙን ነገር ዋሽቻለሁ። የመነኮሳቱ ግን እውነት ነው!»

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ መዋሸት ጀመርክ?» አሉኝ፣ ጺማቸውን በሳሙና እየፈተጉ።