ከትልቁ በላይ፣ ከጭሱ ወዲያ

ፋንታዬ ዓረብ አገር፣ ፊንጣስ በሚባል ሰፈር ለቤት ሠራተኝነት በገባች በአራተኛ ዓመቷ አንድ ሥራ ተጨመረላት፤ የማዳምን አባት የባባ ዒሳን ወሬ ማዳመጥ። ባባ ዒሳ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ትልልቅ አውሮፕላን ሲያበሩ የኖሩ፣ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ኮሮና ገብቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚያመሹበት ዲዋኒያ ተዘጋ። ወሬያቸው ግን አልተዘጋም። ቤት ውስጥ የተረፈችው አድማጭ ደግሞ ሽንኩርት እየላጠችም ቢሆን ጆሮዋን የማትነፍጋቸው ፋንታዬ ነበረች።

አንድ ቀን ሩዝ የምታጥብበትን ሳፋ ወሰዱባትና ውሃ ሞልተው ቁንዶ በርበሬ ነሰነሱበት። መዳፋቸውን ውሃው ውስጥ ሰክተው ሲጎትቱት ከኋላው በግራና በቀኝ ሁለት አዙሪት ተነሣ።

«ሹፊ ፋንታ» አሏት፤ እዪ ማለታቸው ነው። «ትልቅ አውሮፕላን ሲያልፍ ከክንፎቹ ጫፍ እንዲህ ያለ አዙሪት ጥሎ ይሄዳል። አይታይም። ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከኋላው ልታርፍ የመጣች ትንሽ አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ከገባች እንደ ቅጠል ትገለበጣለች። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ የምትቃናበት ጊዜ የላትም።»

«ታዲያ ምን ታድርግ?»

«ትልቁ ከወረደበት መንገድ በላይ ትሁን። ጎማው መሬት ሲነካ ጭስ ቡን ይላል፤ እሷ ከዚያ አልፋ ትረፍ። ካልሆነላት ማረፉን ትታ መልሳ ትነሣ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነፋስ የሌለበት ቀን ነው።»

«ነፋስ ከሌለማ ምን ያስፈራል?»

«ነፋስ ካለ አዙሪቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ከሌለ እዚያው ተኝቶ ይጠብቅሻል።»

«እኔን የት አግኝቶኝ!» ብላ ሳቀች ፋንታዬ፤ ሳፋዋንም ተቀበለቻቸው።

በዓመቱ ጥር ላይ ባባ ዒሳ ክትባታቸውን ወሰዱ። የማዳም ልጅ ሙኒራ፣ ትንሽ አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ ያላት የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ «አያቴን ሰማይ አሳየዋለሁ» ብላ ተነሣች። ማዳም ብትከራከርም አልሆነላትም። በመጨረሻ «እሺ፤ ግን ስኳር አለበት፤ ያለ ፋንታዬ አንድ እርምጃ አይሄድም» አለች። ፋንታዬ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው አልነበረም። የመድኃኒቱን ቦርሳና ቴምር ይዛ፣ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ከመኪና የማትሰፋ አውሮፕላን ኋላ ወንበር ላይ ተሸጎጠች። በሦስቱም ጆሮ ላይ ማዳመጫ ተደረገ።

ሲነሡ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። ወዲያው ግን ፍርሃቱ ለቀቃት። ጠዋቱ ጥርት ያለ፣ ባሕሩ እንደተተኮሰ ጨርቅ የተዘረጋ ነበር። የሹዌኽን ወደብ ክሬኖች አየች። ፊንጣስ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጣሪያው ላይ ያሰጣቻቸውን ነጭ አንሶላዎች ለየቻቸው።

«ባባ፣ አንሶላዎቼ!» ብላ ጮኸች። ባባ ዒሳ ከሙኒራ ጎን ሆነው አውራ ጣታቸውን ቀሰሩላት። ትንሽ ቆይተው ግን ለወራት ከቤት ያልወጡት ሽማግሌ፣ ሞቅ ሲላቸው ጊዜ፣ አንገታቸውን ጥለው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሲመለሱ ከፊታቸው አንድ ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ሊያርፍ እየወረደ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ የመጣው ድምፅ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አስጠነቀቀ። ሙኒራ «አይቼዋለሁ» ብላ መለሰች። ፋንታዬ ከእንግሊዝኛው ብዙ አልያዘችም። ዓይኗ ግን ግዙፉ ላይ ነበር። ጎማው መሬት ሲነካ ጭስ ቡን አለ። ከዚያ የራሳቸውን አውሮፕላን አፍንጫ ተከትላ ስታይ፣ የሚያመራው ከጭሱ ወዲህ፣ ወደ አስፋልቱ መጀመሪያ ነው። ግዙፉ ከወረደበት መንገድ በታች ናቸው። ዳር ላይ የተሰቀለው የነፋስ ማሳያ ጨርቅ ደግሞ እንደ ባዶ ካልሲ ተንጠልጥሏል።

«ሙኒራ፣ ዝቅ ብለናል» አለች።

«ዝም በይ፣ እያሳረፍኩ ነው!»

ዝም ማለት ይቀላት ነበር፤ አራት ዓመት የኖረችውም በዝምታ ነው። ዛሬ ግን ምላሷ እምቢ አለ። «ፎግ! ሙኒራ፣ ፎግ!» ብላ ጮኸች፤ ወደ ላይ ማለት ነው። «ጭሱን እዪው! አዙሪቱ እዚህ ነው ያለው!»

ሙኒራ ቀና ብላ ጭሱን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። የሞተሩን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋችው። አፍንጫቸው ቀና ማለት ሲጀምር አንድ የማይታይ እጅ የግራ ክንፋቸውን ይዞ ወደ ታች መነጨቀው። ዓለም በአንድ ጎኗ ተጋደመች። ቴምሩ ተበተነ። ፋንታዬ «እመ ብርሃን!» ስትል ሙኒራ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ታገለች። ከዚያ እንደያዛቸው በድንገት ለቀቃቸው፤ ቀና ብለውም ወጡ።

ባባ ዒሳ ነቅተው ጉልበታቸው ላይ የወደቀውን ቴምር አነሡ። «ምን ሆነን ነው?»

መልስ ሳይጠብቁ መስኮቱን፣ አስፋልቱን፣ ከፊት እየራቀ ያለውን ግዙፍ አዩ። «አሃ» አሉ። ድምፃቸው ወዲያው የሥራ ሰው ድምፅ ሆነ። «አትቸኩዪ። ዙሪና እንደገና ነይ። ከፍ ብለሽ፣ ራቅ አድርገሽ አሳርፊያት።»

ሙኒራ ዞረች። ከፍ ብላ መጣች፤ ጭሱ ከታየበት አልፋም አሳረፈች። ሞተሩንም አጠፋች። ፋንታዬ ወርዳ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ ነሽ ያየሽው?» አሏት ባባ ዒሳ።

«እርስዎ ተኝተው ነበራ!»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሙኒራ አልሳቀችም።

ምሳ ላይ ነገሩን ለማዳም የነገረቻት ራሷ ሙኒራ ናት፤ አንድም ሳትደብቅ። ማዳም ወር ሙሉ እንዳትበር ከለከለቻት። የዚያን ቀን ግን ፋንታዬ የምታነሣውን ሳህን ያነሣችው ራሷ ማዳም ነበረች። ሙኒራ ደግሞ ሁለት ቀን ፋንታዬን አኮረፈቻት። ሰው በገዛ ሠራተኛው መታረሙ ይከብደዋል፤ ፋንታዬም ይገባታል፣ አልተቀየመችም።

በሦስተኛው ቀን ሙኒራ ወጥ ቤት ገባች። ፋንታዬ ዓሣ እያጸዳች ነበር። ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አያቴ ለእኔም ነግሮኝ ነበር» አለች። «የዚያን ጊዜ ስልኬን እያየሁ ነበር። ለአንቺ የነገረሽን በሙሉ ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው።»

«ብዙ ነው እኮ» አለቻት ፋንታዬ።

«ጊዜ አለኝ፤ ወር ሙሉ አልበርም።»

ፋንታዬ ሳቀችና ሌላ ቢላ አቀበለቻት። «እንግዲያው ቅርፊቱን እየፋቅሽ ስሚኝ።»