የማግኔቱ መቀነት

ወርክሾፑ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም «ጋሼ መዳፍ» ነው የሚላቸው። ማሽን ሲነሳ መለኪያውን ሁሉ ትተው እጃቸውን ሽፋኑ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ታሟል ካሉ ታሟል። ደህና ነው ያሉትም አንዳንዴ ታሞ ይገኛል፤ ያኔ ጥፋቱ የማሽኑ እንጂ የመዳፋቸው አይደለም።

የመጨረሻ ሥራቸው ለሆስፒታል ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ለቀዶ ሕክምናው ክፍል ኃይል የሚሰጥ፣ በመሽከርከር ጉልበት የሚያጠራቅም ከባድ የብረት ጎማ። ተራ ኩሽኔታ ላይ ቢቀመጥ እየተፋተገ ጉልበቱን ይጨርሳል። ስለዚህ አየር ላይ ሊያንሳፍፉት ተነሱ፤ ክብደቱን ቋሚ ማግኔት ይሸከማል፣ ወዲያ ወዲህ ሲል ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ መልሶ ያቃናዋል። ዓመታት ለፉበት። ሟች ባለቤታቸው ይቺን ጎማ ጣውንቴ ይሏት ነበር።

ከዚያ ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ ደረታቸው ውስጥ የልብ ምት የምታስተካክል መሣሪያ ቀበረና ኃይለኛ ማግኔት አጠገብ ዝር እንዳይሉ አስጠነቀቃቸው። ሥራውን ልጃቸው ተረከበች፤ ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሳቸው የጎማውን ክፍል ከሚለየው መስታወት ወዲህ ተቀምጠው በማይክሮፎን ያዟታል። ድሮ ነጭናጫ የነበሩት ሰውዬ አንድም ቀን አላማረሩም፤ ልጅቷን አንጀቷን የበላት ይኸው ነው። የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎማው በተንሳፈፈ ቀን እጃቸውን እንዲያሳርፉበት።

እሷም መላ ፈጠረች። የማግኔቱ ጉልበት ወደ ውጭ እንዳያፈተልክ ዙሪያውን በብረት ቀለበት አሰረችው። ሠራተኞቹ «መቀነት» አሉት። ሐኪሙም ልኬቱን አይቶ፣ ይግቡ አለ።

በቀጠሮው ቀን ጋሼ ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ። ጎማው ተነሳ፤ ተንሳፈፈ። ወደ በሩ ሲያመሩ ግን ዐይናቸው የሽቦው ሙቀት መለኪያ ላይ አረፈ። ሙቀቱ እየወጣ ነው። የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆሙ።

«ክብደቱን የተሸከመው ማነው?» አሉ።

ልጅቷ አቀረቀረች። መቀነቱ የማግኔቱን ጉልበት እየሳበ ስላደከመው፣ የጎደለውን በሽቦው መሙላቷን ነገረቻቸው። ለፍተሻ ይበቃል አለች። ጋሼ የቀረውን ራሳቸው ያውቁታል። ሽቦው በጋለ ቁጥር ማግኔቱ ይብስ ይደክማል፤ አንድ ቀን፣ ሰው አልጋው ላይ ተከፍቶ እያለ፣ ጎማው ይወድቃል።

«ፍቺው» አሉ።

«እፈታዋለሁ፣ አባዬ። መጀመሪያ ግን ግባና ዳስሰው። ለአንድ አፍታ ነው፤ ማን ይጎዳል?»

እውነት ለመናገር እግራቸው ተነስቶ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደዚያ የጓጉለት ነገር የለም። መዳፋቸውን አዩት፤ ከዚያ እጀታውን ለቀቁ።

«ከዳሰስኩት ደህና ነው እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ» አሉ። «እኔ ደህና ነው ካልኩ ደግሞ አንቺም አትፈቺው።»

ልጅቷ እያለቀሰች ፈታችው።

ከሰዓት በኋላ ጎማው ያለ መቀነት ተነሳ። ማግኔቱ ክብደቱን ችሎ ያዘ፣ ሽቦውም ቀዝቃዛ እንደሆነ ቀረ። ሠራተኞቹ ተቃቀፉ። ጋሼ መስታወቱን ተጠግተው በጣታቸው ጠቆሙ፤ የመዳፍ ነገር ሁልጊዜ የሚያስቃት ልጃቸው እጇን ሽፋኑ ላይ አሳረፈች።

«ምን ይላል?» አሉ በማይክሮፎኑ።

መዳፏን አንስታ እንደገና አሳረፈች።

«ምንም አይልም፣ አባዬ። ዝም ነው ያለው።»

«ዝም ካለማ ደህና ነው» አሉ ጋሼ። ማይክሮፎኑን ዘጉና፣ ማንም እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።